ይሁዳ በአንድ ዓይን

በባህላዊው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በአብዛኛው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ በመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ለመለየት ማንም አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» የተሰኘው የልጆች ፊልምም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ወንድሙን የሚገድለው አንበሳ ጎፈሩ ጥቁር፣ ዓይኑ ላይም ጠባሳ ያለበት ነው፤ ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ ጠባሳ ማለት ነው።

ሥዕሉ ማንበብ ለማይችል ምእመን ታሪኩን አስተምሯል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ወንጌል የሚተርክልን ማዕድ ግን ሌላ ነው። በማቴዎስ 26፥22 ደቀ መዛሙርቱ ጣታቸውን ወደ ይሁዳ አልቀሰሩም፤ እያንዳንዱ የጠየቀው ስለ ራሱ ነው። በዮሐንስ 13፥28–29 ደግሞ ጌታ ይሁዳን ሲያናግረው እንኳ ነገሩ የገባው አልነበረም። ከሃዲው መልኩ አላጋለጠውም። ሥዕሉ መልሱን አስቀድሞ ሲሰጠን ግን ራስን የመመርመሩን ጥያቄ ይወስድብናል።

ውድ አንባቢ፣ ለልጆች ትምህርት ሥዕል ስትመርጥ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሕፃንም ከመካከላቸው ሊኖር እንደሚችል አስብ። ይሁዳም ከጴጥሮስ የማይለይበትን ሥዕል ምረጥ። ልጆቹ «የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁህ ትምህርቱን ከዚያ ጀምር።