የጠፋው የትኛው ፋይል ነው?

በሊኑክስ ላይ አንድን ፕሮግራም በስሙ ጠርቶ ለማስነሳት የሞከረ ተጠቃሚ፣ ፋይሉ በቦታው መኖሩን በዓይኑ እያየ፣ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» የሚል መልእክት የሚደርሰው ጊዜ አለ። መልእክቱ ከፕሮግራሙ ስም ጋር ተያይዞ ስለሚወጣ፣ የታጣው ያው የተጠራው ፋይል ነው ብሎ ያምናል፤ በዚህም የተነሳ የፊደል ግድፈት ይፈልጋል፣ የፋይሉን ፈቃድ ይመረምራል፣ አንዳንዴም ምንም ያልጎደለውን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደገና ይጭናል።

የታጣው ግን ሌላ ፋይል ነው። ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየረ ፕሮግራም፣ የሚጋራቸውን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን የኮድ ስብስቦች፣ የሚያገናኝለትን ጫኝ ፕሮግራም አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ይይዛል። ጫኙ በተባለው አድራሻ ካልተገኘ፣ ከርነል የሚባለው የስርዓተ ክወናው እምብርት የሚመልሰው የስህተት ቁጥር 2ን ነው፤ የተጠራው ፋይል ራሱ ባይኖርም የሚመልሰው ይህንኑ ቁጥር ነው። ለጂሊብሲ ላይብረሪ የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ ሙስል በሚባለው ሌላ ላይብረሪ ላይ በተመሠረተው አልፓይን ሊኑክስ ውስጥ አልነሳ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ከርነሉ ሁለቱን ሁኔታዎች ለይቶ ቢያውቅም፣ ዕውቀቱ በአንዲት ቁጥር ተጠቅልሎ ወደ ላይ ሲተላለፍ ልዩነቱ ይጠፋል፤ መልእክቱን ለማስተካከል የተነሳ አራሚ ከቃላቱ በፊት ሊፈልገው የሚገባውም ይህንን ልዩነቱ የሚጠፋበትን ቦታ ነው።

የተጠቃሚውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ባሽ፣ በ2022 በወጣው 5.2 እትሙ ለዚህ መፍትሔ አበጅቷል። ከርነሉ ቁጥር 2ን ሲመልስ፣ የተጠራው ፋይል መኖሩንና ሊፈጸም የሚችል መሆኑን ያጣራል፤ ይህ ከተረጋገጠ፣ ማስፈጸም እንዳልተቻለና አስፈላጊ የሆነ ፋይል እንዳልተገኘ ይገልጻል። የትኛው ፋይል እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህ ጉድለት ቢመስልም ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ባሽ የፕሮግራሙን ውስጣዊ አወቃቀር ስለማያነብ የጫኙን ስም አያውቅም፣ በግምት ቢጠራው ደግሞ አንዱን አሳሳች መልእክት በሌላ አሳሳች መልእክት መተካት ይሆንበት ነበር።

እንዲህ ያለው እርማት በኮድ ረገድ ጥቂት መስመሮችን ብቻ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ የሚነካው ግን ከዚያ ይሰፋል። የመልእክቱን ቃላት እየፈለጉ ውድቀትን የሚለዩ ስክሪፕቶች፣ ያ ልማድ የማይመከር ቢሆንም፣ በዓለም ላይ ሞልተዋል። የትርጉም ሥራም አለ፤ መልእክቶችን ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ለመመለስ በሚያገለግለው ጌትቴክስት በተባለው መሣሪያ፣ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሲለወጥ የቀድሞው ትርጉም እንዲከለስ ምልክት ይደረግበታል፣ ተርጓሚው እስኪያጸድቀውም ድረስ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ መልእክቱ በእንግሊዝኛ ይታያል። ስለዚህ ጥንቁቅ አራሚ የቃላቱን ምርጫ እርማቱን ከመላኩ በፊት ይጨርሳል፤ በየእትሙ እየመለሰ አያሻሽለውም።