በፖሊስ ራዲዮ መሻሻል ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ከተማ የፖሊሱን ራዲዮ በአዲስ ለመለወጥ ሲነሣ መሐንዲሶች አስቀድመው የሚያቀርቡት ካርታ ነው። ሞገዱ የሚደርስበት ሥፍራ በቀለም ይሞላል፤ ቀለሙ ለምሳሌ ከመቶ 95 እጅ ከሸፈነ ሥራው እንደ ተሳካ ይቈጠራል። እኛ ግን ይህ አመዛዘን ጐደሎ ነው እንላለን። ተቀባይ ራዲዮ ንግግሩን አጥርቶ የሚሰማው ሞገዱ ስለ ደረሰው ብቻ አይደለም፤ በሥፍራው ካለው ከሌላው ሞገድና ሁካታ ሲበልጥለት ነው። ስለዚህ የሞገድ መድረስና የሞገድ መረበሽ በአንድነት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች ናቸው።

ለዚህ አባባላችን በአሜሪካ በ800 ሜጋኸርዝ ክልል የደረሰው ነገር ምስክር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በዚያ ክልል የፖሊስና የእሳት አደጋ ራዲዮዎች ኔክስቴል ከተባለው የሞባይል ስልክ ኩባንያ ጋር ተሰባጥረው ይሠሩ ነበር። ፖሊሶቹ በጥቂት ረጃጅም ምሰሶዎች ሰፊ አገር ሲሸፍኑ፥ ኩባንያው ዝቅ ያሉ ብዙ አንቴናዎችን በየሰፈሩ ተከለ። በ1990ዎቹ መጨረሻም የፖሊሶቹ አቤቱታ ተነሣ።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። ኃይላቸው እኩል ሆኖ የፖሊሱ ማሠራጫ በ15 ኪሎ ሜትር፥ የስልኩ አንቴና በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆሙ፥ ርቀታቸው 150 እጅ ይለያያል። ሞገድ በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚደክም፥ መሰናክል በሌለበት ሜዳ እንኳ የስልኩ ሞገድ 22,500 እጅ ይበረታል። በዚህም አያበቃም። ሁለት ብርቱ ሞገዶች በተቀባዩ ውስጥ ሲገናኙ ማንም ያልላከው ሦስተኛ ሞገድ ይወለዳል። አንዱ 862.5፥ ሌላው 865 ሜጋኸርዝ ቢሆኑ፥ ከሁለተኛው እጥፍ ላይ የፊተኛው ሲቀነስ 867.5 ይሆናል። ይህም በዚያ ጊዜ ለፖሊስና ለመሰሎቹ ተለይቶ በተሰጠው ከ866 እስከ 869 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ሁለቱም ሞገዶች የተላኩት በተፈቀደላቸው ቦታ ነው፤ ሕግ የጣሰ ማንም የለም። ሆኖም ካርታው በቀለም በተሞላበት ሥፍራ፥ ከስልኩ አንቴና ሥር የቆመ ፖሊስ ዕርዳታ ጠርቶ መልሱን ሳይሰማ ሊቀር ይችላል።

በ2004 የአገሩ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሁለቱን ወገኖች ለመለየት ወሰነ፤ ፖሊሶቹ ወደ ታችኛው፥ ስልኩ ወደ ላይኛው ክልል እንዲዛወሩ፥ ወጪውንም ኔክስቴል እንዲሸከም አዘዘ። ውሳኔው የችግሩን ሥር ስለ ነካ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን ሁለት ነቀፌታ አለን። አንደኛ፥ ፈቃድ ሲሰጥ እያንዳንዱ ለብቻው ተመረመረ እንጂ በአንድነት ሲሠሩ የሚያስከትሉት አልተመዘነም። ሁለተኛ፥ ለሥራው የተመደበው 36 ወር ነበር፤ በ2005 ተጀምሮ የተዘጋው ግን በ2021 ነው። እያንዳንዱ ራዲዮ እየተሰበሰበ መስተካከል ወይም መለወጥ ነበረበት፤ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ከተሞች አብረው መዛወር ነበረባቸው፤ በሜክሲኮ ጠረፍ ያለውም ሥራ በ2012 የተፈረመውን ስምምነት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ይህን አስቀድሞ አለመገመት ቀላል ጉድለት አይደለም።

ዛሬ ብዙ ከተሞች ወደ ዲጂታል ራዲዮ ሲዛወሩ ጥንቃቄው ሊጨምር ይገባል። የቀድሞው ራዲዮ ሲደክም እየሸሸ ይጮኽ ስለ ነበር ለተናጋሪው ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ነበር። ዲጂታሉ ግን እስከ መጨረሻው ጠርቶ ይሰማና በድንገት ይቋረጣል።

እንግዲህ ሥራውን የሚረከብ ከተማ ቀለም በተቀባ ካርታ ብቻ ረክቶ እንዳይፈርም እንመክራለን። ፈተናው ራዲዮው በፖሊሱ ወገብ ላይ ታጥቆ፥ በሕንፃ ውስጥና በሌሎች አንቴናዎች ሥር፥ ሁሉም በሚያሠራጩበት ሰዓት ይደረግ። በአጠገቡ አዲስ አንቴና በተተከለ ቍጥርም ይደገም። የራዲዮው ዋጋ የሚታወቀው ፖሊሱ በጨነቀው ጊዜ መልስ ሲሰማበት ነውና።