«የሽፋን ደብዳቤ» ወይስ ማመልከቻ?

ሥራ ፈላጊዎችን ለመርዳት ወደ አማርኛ በተመለሱ መመሪያዎች ውስጥ «የሽፋን ደብዳቤ» የሚል ስያሜ ተደጋግሞ ይታያል። ስያሜው «ከቨር ሌተር» ከሚለው እንግሊዝኛ ቃል በቃል የተቀዳ ነው። እንግሊዝኛው ደብዳቤው ከአባሪ ሰነዶች በላይ ተደርቦ መላኩን ያመለክታል፤ ይኸውም የወረቀቱን አቀማመጥ እንጂ የደብዳቤውን ተግባር አይነግረንም። በአማርኛ ግን ሽፋን መጽሐፍን የሚያለብስ፣ ወይም ነገርን ከእይታ የሚከልል ነው፤ ለጥፋተኛ «ሽፋን ሰጠው» ስንልም የምናስበው ይህንኑ መከለል ነው። ሥራ ጠያቂው የሚሻው ተቃራኒውን፣ መገለጥን ነው።

ይህን የተገነዘቡ አንዳንድ ተርጓሚዎች «ሸኚ ደብዳቤ» ይላሉ። አማርኛነቱ የተሻለ ቢሆንም ሌላ ችግር ያስከትላል። በመሥሪያ ቤቶቻችን ልማድ ሸኚ ደብዳቤ የሚጽፈው ባለጉዳዩ ሳይሆን ሰውየውን ወይም ሰነዱን ወደ ሌላ ስፍራ የሚልከው መሥሪያ ቤት ነው፤ ቁጥርና ማኅተምም ያርፍበታል። ስለዚህ «ሸኚ ደብዳቤ ይዛችሁ ቅረቡ» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ብዕር ከማንሣት ይልቅ ወደ ቀድሞ አሠሪው ወይም ወደ ቀበሌው ቢሄድ አይፈረድበትም። በዚህ መካከል የምዝገባው ቀን ቢያልፍበት ጥፋቱ የተርጓሚው ነው።

ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀው ስያሜ ማመልከቻ ነው። ከፈተ መክፈቻን እንደሚሰጥ ሁሉ አመለከተም ማመልከቻን ይሰጣል፤ የግሱ የመጨረሻ «ተ» ከመሣሪያ ስም ምዕላድ ጋር ሲገናኝ ወደ «ቻ» ይለወጣል። ምልክትና አመልካች ጣትም የዚሁ ዘር ናቸው። እንግዲህ ማመልከቻ በአመሠራረቱ መጠቆሚያ እንጂ መለመኛ አይደለም። ልማዱ ግን ወደ ልመና አዘንብሏል። «ችግሬን ተመልክታችሁ ሥራ እንድትሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚል ደብዳቤ ትሕትናው ባይነቀፍም ለቀጣሪው የሚጠቁመው ነገር የለም። ለሒሳብ ሠራተኛነት የሚወዳደር ሰው «አራት ዓመት የወር ሒሳብ ዘግቻለሁ፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅም የዘወትር ሥራዬ ነበር፤ ማስታወቂያችሁ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው» ቢል ግን በእርግጥ አመልክቷል። መመሪያዎቹ እንደ አዲስ ጥበብ የሚያስተምሩት ነገር በግሱ ውስጥ ነበረ።

ማመልከቻ ሰፊ ነው፤ ለፈቃድም፣ ለዝውውርም፣ ለመብራት ቆጣሪም ይጻፋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ በተለይም ሦስት ሰነድ በአንድነት ሲጠየቅ። መፍትሔው ግን ቅጥያ መጨመር ነው፤ የሚሞላው የማመልከቻ ቅጽ፣ የሚጻፈው የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ፣ ሦስተኛው የትምህርትና የሥራ ታሪክ ይባል። ይህን ሦስተኛውን «የሕይወት ታሪክ» ማለት አይመከርም፤ የሕይወት ታሪክ በቀብር ላይ ሲነበብ ለምዶብናል።

ከስያሜው ይልቅ የሚያሳስበው የደብዳቤው አካል ትርጉም ነው። በጋራ መሥራት የሚችል ሠራተኛ «የቡድን ተጫዋች» ተብሎ ወደ ኳስ ሜዳ ይገባል። ሥራውን ከልብ የሚወድ ሰው «ስሜታዊ ነኝ» እንዲል ይመከራል፤ በአማርኛ ስሜታዊ የሚባለው ግን ቶሎ የሚቆጣ፣ ሳያመዛዝን የሚወስን ሰው ነው። እንዲህ ብሎ ራሱን ያስተዋወቀን ገንዘብ ያዥ ማን ይቀጥራል? «ራስን መሸጥ» የሚለውን ምክር አንባቢ እንዴት እንደሚሰማው መናገርም አያስፈልግም።

በአቀራረብም በኩል «ውድ ጌታዬ» ለማያውቁት ኃላፊ የሚጻፍ የአማርኛ ሰላምታ አይደለም። የእኛ ደብዳቤ የተቀባዩን መሥሪያ ቤት ስምና ከተማውን ካሰፈረ በኋላ «ጉዳዩ፦» ብሎ ነገሩን በአንድ መሥመር ያስታውቃል። መመሪያዎቹ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሥራ መደቡን ስም ጥቀሱ ሲሉ ይህ መሥመር ያደረገውን ማስደገማቸው ነው። «ጉዳዩ፦ ለሒሳብ ሠራተኛነት ስለማመልከት» ብሎ የጻፈ ሰው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በቀጥታ ስለ ሥራ ልምዱ ሊያውለው ይችላል፤ ተርጓሚውም ይህን ምክር ትቶ ቢያልፍ ከምንጩ ያጎደለው ነገር አይኖርም።