ቆብ ከተጣለ በኋላ

በፌብሩዋሪ 1969 እ.ኤ.አ. በአንድ የኦክስፎርድ ኮሌጅ የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ተማሪ ለእራት ዘግይታ ትደርሳለች። ገና እንደገባች ጎንበስ ብላ ወለሉን ትስማለች። ያዩዋት ሁሉ ይደነግጣሉ፤ እሷም ከነሱ ባላነሰ ትደነግጣለች። ያረፈደ ሰው መሬት እንዲስም የሚያዘው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጥላው የወጣችው የገዳም ሥርዓት ነውና።

«ጠምዛዛው ደረጃ» የሚለው የካረን አርምስትሮንግ መጽሐፍ የሚከፈተው በዚህ ትዕይንት ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ በ1962 በ17 ዓመቷ ወደ አንድ የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ገብታ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ወጥታለች። (ለየት ካላደረግሁ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በ1993 በታተመው «የእግዚአብሔር ታሪክ» ነው። እዚህ የማነሣው ግን ስለ ራሷ ሕይወት የጻፈቻቸውን ሦስት መጻሕፍት ነው፤ ከሦስቱ አንዱን ራሷ ክዳዋለችና።

የመጀመሪያው፣ በ1981 የወጣው «በጠበበው ደጅ»፣ የገዳሙን ኑሮ ይተርካል። መርፌ በሌለው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ እንድትሰፋ የታዘዘችበት ክፍል አይረሳም፤ ትእዛዙ ታዛዥነትን ለማስተማር የተሰጠ ነበር። ራሷን ስታ ስትወድቅም አለቆቿ የመንፈስ ድክመት ነው ይሏታል። ያም ሆኖ መጽሐፉ የበቀል መጽሐፍ አይደለም። እነዚያ ሴቶች የሚጎዷት ሊጠቅሟት እያሰቡ መሆኑን ስለሚያሳየን ነው የሚያመው።

ሁለተኛው፣ የ1983ቱ «ዓለምን መጀመር»፣ ከገዳም በኋላ ያለውን ኑሮ ሁሉም ነገር ባማረ ሁኔታ እንደተፈጸመ አድርጎ ያቀርባል። ደራሲዋ ኋላ ላይ ከጻፈችው ሁሉ የከፋው ይኸው ነው ብላለች። ትክክል ናት። ገዳም ውስጥ ሳለች ደስተኛ መስሎ መታየት ግዴታዋ ነበር፤ ከወጣች በኋላም በዚያ መጽሐፍ ያው ግዴታ ተከትሏታል። አድማጩ ብቻ ተለወጠ።

ስለዚህ በ2004 ያንኑ ዘመን እንደገና ጻፈችው። «ጠምዛዛው ደረጃ» ውስጥ ውድቀቱ ተራ በተራ ይመጣል። የዶክትሬት ጽሑፏ ውድቅ ይሆናል። ያገኘችውን የመምህርነት ሥራ በሕመሟ ምክንያት ታጣለች። በ1976 ግን አንድ ሐኪም በሽታዋ የሚጥል በሽታ መሆኑን ይነግራታል። ሌላ ሰው የሚያለቅስበት ዜና ለእሷ እፎይታ ነው፤ ለዓመታት እንደ ኃጢአት የተሸከመችው ነገር ለካ ሕመም ኖሯል! በእኔ ግምት የመጽሐፉ እምብርት ይህ ነው። የበደለኝነት ስሜት «ነጻ ነኝ» ብሎ በማወጅ አልለቀቃትም። የለቀቃት የራሷ ጥፋት የሆነውንና ያልሆነውን ለይታ ስታውቅ ነው። ደስታውም የመጣው ዘግይቶ፣ ሳይጠሩት ነው፤ ብቻዋን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የአይሁድንና የእስልምናን መጻሕፍት ስታጠና፣ ገዳም ፈልጋ ያጣችውን ጸጥታ እዚያ አገኘችው።

መጽሐፉ እንከን አልባ አይደለም። ወደ መጨረሻው ስለ ርኅራኄ ማስተማር ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ አብረናት የቆየነው ሴት ትርቀንና መምህርት ትተካለች። ትምህርቱ መልካም ነው። እኔ ግን ወለሉን የሳመችውን ልጅ ናፈቅሁ።

ለእኛ አንባቢ ይህ ታሪክ ባዳ አይደለም። በእኛ ዘንድ ቆቡን የጣለ ሰው ስሙ የሚነሣው በሹክሹክታ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖረ የሚጠይቅ የለም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ወላጆቹ በተሳሉት ስለት ታስሮ ያድጋል። ሀዲስ ዓለማየሁ የዚያን ስለት ክብደት አሳይተውናል። በዛብህ ግን ከሰብለ ጋር ጎጆ ሳይወጣ ይሞታልና፣ ከስለቱ ወጥቶ ኖሮ ቢሆን በሰላም ይተኛ እንደነበር ሳናውቅ ቀረን። አርምስትሮንግ የጻፈችው ያንን ያልተጻፈ ምዕራፍ ነው። በትክክል ለመጻፍም ከገዳም ከወጣች በኋላ 35 ዓመት ፈጅቶባታል።