የተከፈለለት መንገደኛ ምስክርነት

አገር ለማየት ገንዘቡን ቆጥቦ የሚነሣ ሰው፥ አስቀድሞ የሌላውን መንገደኛ ጽሑፍ ያነባል፤ ያላየውን ነገር ባየው ሰው ዓይን ሊያይ ይፈልጋልና። ስለዚህ የጉዞ ጸሐፊ ለአንባቢው ምስክር ነው። ዛሬ ግን ስለ ጉዞ በኢንተርኔት ከሚጽፉት ጦማሪዎች ብዙዎቹ የአውሮፕላን ቲኬቱን፥ ማደሪያውንና ምግቡን ከሆቴልና ከአስጐብኚ ድርጅት በነፃ ይቀበላሉ፤ ለአንዳንዶቹም በላዩ ገንዘብ ይጨመርላቸዋል። ይህ ይገባልን?

በአገራችን የበሉበትን ወጪት መስበር ነውር ነው። ተጋብዞ የበላ ሰው ወጡ ጨው ቢያንሰው እንኳ አመስግኖ ይነሣል። ይህ ለእንግዳ መልካም ጠባይ ነው፤ ለምስክር ግን ሐሰት ይሆንበታል። በነፃ ያደረ ጸሐፊ የማደሪያውን ጉድለት ቢገልጥ ለጋባዡ ውለታ ቢስ ይባላል፤ ቢሸሽግ አንባቢውን ይከዳል። ከሁለቱ አንዱን ማሳዘን ግድ ነው።

«ብጋበዝም እውነቱን እጽፋለሁ» የሚል አይጠፋም፤ ቅንም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተጋበዘ እንግዳ የሚያየው አገር ሌላ ነው። መምጣቱ ስለሚታወቅ የተሻለው ክፍል ይዘጋጅለታል፤ ሰልፍ አይቆምም፤ ከታክሲ ነጂ ጋር በዋጋ አይከራከርም። እንግዲህ ያየውን በቅንነት ቢናገርም፥ አንባቢው የሚገጥመውን አልነገረውም። ለምግብ ቤቶች ደረጃ የሚሰጠው የሚሽሊን መጽሐፍ መርማሪዎች ማንነታቸውን ሸሽገው የሚገቡትና ሒሳባቸውን የሚከፍሉት ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው ኮንዴ ናስት ትራቭለር የተባለው የአሜሪካ መጽሔትም፥ ጸሐፊዎቼ ነፃ ጉዞ አይቀበሉም ብሎ ነበር የተነሣው።

ጋባዡ መንግሥት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የሳዑዲ ዓረቢያ ቆንስላ ውስጥ ተገደለ። በሚከተለው ዓመት ያው መንግሥት ለአገር ጎብኚዎች ቪዛ ሲከፍት፥ ተጋብዘው ሄደው የአገሩን ውበት ብቻ ያሳዩ ሰዎች ብርቱ ነቀፌታ ደረሰባቸው። ግብዣ አንደበትን ብቻ ሳይሆን ዝምታንም ይገዛል።

«ታዲያ ድኻ የሆነ ወጣት ጸሐፊ እንዴት አገር ይይ?» ይባል ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ግብዣውን ከመቀበል ሌላ መንገድ ያጣ ሰው፥ መቀበሉን በጽሑፉ ራስ ላይ በግልጥ ይጻፍ፤ የምስጋና ዋጋ አይቀበል፤ ጽሑፉንም ሳይታተም ለጋባዡ አያሳይ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፥ ጦማሪዎች ስጦታ ተቀብለው ዕቃ ሲያመሰግኑ መቀበላቸውን መግለጥ እንደሚገባቸው አስታውቋል። መግለጥ ግን የግዴታ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ «ተጋብዣለሁ» ብሎ መናገር ውለታን አይፍቅም። ሩቁን አገር በሰው ገንዘብ ከማየት፥ በአውቶቡስ የሚደረስበትን ቅርብ አገር በራስ ገንዘብ አይቶ መጻፍ ይሻላል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የጉዞ ጽሑፍ ስታነብ ሒሳቡን ማን ከፈለው ብለህ ጠይቅ። ብዕር ያነሣህ እንደ ሆነም፥ አንባቢህ ሳይጠይቅህ መልስለት።