ቀርፋፋ ደንበኛ የሚያጋልጠው ኮድ

የሰርቨር ኮድ እንድገመግም ሲሰጠኝ በሰከንድ ስንት ጥያቄ እንደሚያስተናግድ የሚያሳየውን ግራፍ ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ግራፍ ሁልጊዜ ያምራል፤ የተለካው ኔትወርኩ ፈጣን፣ ደንበኛውም ጨዋ በሆነበት ቦታ ነው።

ኮዱ ኤፖል የተባለውን የሊኑክስ ጥሪ መጠቀሙም አያስደንቀኝም። ዳን ኬገል በ1999 እ.ኤ.አ. አንድ ሰርቨር 10,000 ደንበኞችን ባንድ ጊዜ እንዴት ይችላል ብሎ ሲጽፍ፣ ሴሌክትን የመሰሉ ጥሪዎች በየዙሩ ዝርዝሩን በሙሉ ያስሱ ነበር። ኤፖል ሊኑክስ ውስጥ ከገባ ወዲህ ከርነሉ ዝግጁ የሆኑትን ብቻ ይጠቁማል። ዛሬ ይህ መነሻ ነው እንጂ ሙያ አይደለም። ለሁለት መቶ ደንበኛማ ለእያንዳንዱ አንድ ትሬድ መድቦ ቀለል አድርጎ የጻፈውን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ የማየው ዳታ የሚልከውን ክፍል ነው። ደንበኛው በደካማ የሞባይል ኔትወርክ ትልቅ ፋይል እያወረደ ነው እንበል። ሰርቨሩ ከዲስክ በፍጥነት ያነባል፤ ሶኬቱ ግን ሞልቶ አልቀበልም ይላል። ሰነፍ ኮድ የተረፈውን በፈር ላይ ይከምራል፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲበዛ ሜሞሪው ያልቅና ከርነሉ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ጥሩ ኮድ በፈሩ ገደቡ ላይ ሲደርስ ማንበቡን ያቆማል፣ ሲጎድል ይቀጥላል። ይህን ካጣሁ ሌላው ቢያምርም አልረካም።

የጊዜ ገደቡም ያታልላል። አንድ ባይት በመጣ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ፣ ሄደሩን ጠብ ጠብ እያደረገ የሚልክ አጥቂ ግንኙነቱን እስከፈለገ ይይዘዋል፤ ስሎውሎሪስ የተባለው መሣሪያ ይህን ቀዳዳ ያውቃል። ገደቡ ለሙሉው ሄደር መሆን አለበት።

ከሁሉ የምወደው ፈተና ግን ሌላ ነው፦ የፋይል ዲስክሪፕተር ገደቡን 64 ላይ አውርጄ መቶ ግንኙነት እከፍትና የሲፒዩ አጠቃቀሙን በቶፕ አያለሁ። ዲስክሪፕተር ሲያልቅ ግንኙነት የሚቀበለው አክሴፕት ስህተት ይመልሳል፤ ተራ ጠባቂው ግን ከወረፋው ስላልወጣ ኤፖል በነባሪ አሠራሩ «ሰው አለ» ማለቱን አይተውም። ሉፑ በባዶ ይሽከረከራል፣ ሲፒዩው መቶ ፐርሰንት ይገባል። ነገሩ የገባው ፕሮግራመር አንድ ዲስክሪፕተር ለክፉ ቀን አስቀምጧል፦ ይዘጋውና በቦታው እንግዳውን ተቀብሎ ወዲያው ያሰናብተዋል፣ መልሶም ይከፍተዋል። ለጥቂት ጊዜ መቀበል ማቆምም ያስኬዳል። ብቻ ሎጉ ላይ ይጻፈው፤ በየግንኙነቱ ግን አይደለም፣ ያኔ ደግሞ ዲስኩ ይሞላል።