ለቡናው ጨረታ ድምፅ

የሐረርጌው የቦኬ ቡና ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል ሲሆን ሰብሳቢው ከገበሬው ይገዛዋል፤ አቅራቢው ያስፈለፍለውና ወደ ድሬዳዋ ይጭነዋል። እዚያ ለብዙ ዓመታት ዋጋ ይቆርጥ የነበረው የሰው ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ዛሬ የለም። የሐረርጌን ቡና ለዓለም ካደረሱት አንዱ ነበርና በክብር ልናስበው ይገባል።

በድሬዳዋው የጨረታ ማዕከል ከየጭነቱ ናሙና ይወሰድ ነበር። ባለሙያው ፍሬውን አይቶ፣ ቆልቶና ቀምሶ ደረጃ ያወጣለታል። ከዚያ ላኪዎቹ በአቅራቢዎች ፊት ዋጋ ይጠራሉ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይከተላል። ሻጩ ቡናውን ማን እንደፈለገው፣ ማንስ እንደተወው በዓይኑ ያያል። ገዢውም የማንን ጭነት እንደሚገዛ ያውቃል። የአንድ አቅራቢ ስም የሚገነባውም የሚፈርሰውም በዚያ አዳራሽ ነበር። ጨረታው ጉድለትም ነበረበት፤ ቡናው ተሸጦ ገንዘቡ እየዘገየ ነጋዴውን ያስጨንቀው ነበር።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተ፤ ኅዳር 2001 ዓ.ም. ቡናው ከጨረታው ወጥቶ ወደዚያ ተዛወረ። ድምፁም አዲስ አበባ ገባ። የሻጭና የገዢ ወኪሎች ፊት ለፊት ቆመው በፈረሱላ ሒሳብ ዋጋ ይጣሩ ነበር፤ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ያጋጩ ነበር፤ ውሉም ይጸና ነበር። የሻጩ ገንዘብ በማግሥቱ ባንክ ይገባ ነበር። ለአቅራቢው ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። በሌላ በኩል ቡናው በዓይነትና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ስለሚከማች፣ የቦኬ ስም «ሐረር» በሚለው የወል መጠሪያና በአንዲት የምድብ ፊደል ሥር ተሸፈነ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የቦኬ ገበሬ አይቶት የማያውቅ ገበያ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ከ1882 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወራት በኋላ የሚረከቡት ቡና ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል። ይህ የወደፊት ውል ላኪን ከዋጋ መውደቅ፣ ቡና ቆዪን ደግሞ ከዋጋ መናር ይጠብቃል። የአዲስ አበባው የግብይት ወለል ግን ያሻሻጠው መጋዘን የገባውን ምርት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የኒውዮርክ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው መከለያ አልነበረውም። ቀደም ሲል በጨረታው ዘመንም እንዲሁ ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. ግድም ዋጋው በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ብዙ ነው።

የኒውዮርክ የቡና የወደፊት ውል ጩኸት ዝም ያለው የአዲስ አበባው በተከፈተበት በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ንግዱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። እኛም ብዙ አልቆየንም። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ምርት ገበያው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ጀመረ፤ ቺካጎም አብዛኞቹን የወደፊት ውል የጩኸት ወለሎቿን የዘጋችው በዚያው ሰሞን ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ አቅራቢው ከላኪ ጋር በቀጥታ እንዲዋዋል ተፈቀደ፤ የቦኬ ቡና በስሙ የሚሸጥበት በርም እንደገና ተከፈተ።

ጩኸቱ ይመለስ አንልም። ኮምፒውተሩ ፈጣን ነው፤ ጉሮሮ አያደክምም፤ ለመዝገብም ይመቻል። የምናከብረው ድምፁ የተሸከመውን ሥርዓት ነው። ዋጋ በአደባባይ ይቆረጥ ነበር፤ የቆመ ሁሉ ምስክር ነበር። ዛሬ ውሉ በሁለት ሰዎች መካከል ሲያልቅ ያ ምስክርነት የሚቀጥለው ዋጋው በይፋ ሲነገር ብቻ ነው። ጀንፈሉን ይዞ የሚወጣው የቦኬ ገበሬ የዕለቱን ዋጋ ከሰብሳቢው አፍ ብቻ መስማት የለበትም። ከመሸጡ በፊት ሊያውቀው ይገባል፤ የጨረታው ውርስ ይህ ነው።